የስንዱ በቀቀን ከበረረች ወዲህ

ስንዱዬ፣

አንቺና እኔ ከተለያየን የፊታችን ቅዳሜ ዓመት ይሞላል። በአርባሽም በመንፈቅሽም ቤቱን ሰው ሞልቶት፣ አንቺን ለብቻሽ የማናግርበት ፋታ አላገኘሁም። አሁን ለሙት ዓመትሽ ጌሾው ተወቅጧል፣ እህሉ ተፈጭቷል፣ ለካህናቱ ተነግሯል፤ የቀረኝ ሥራ የለም። እኔ ግን አንድ ቦታ መቀመጥ አቅቶኛል። ከስፌት መኪናው እነሣለሁ፣ ደጅ እወጣለሁ፣ ለምን እንደወጣሁ ይጠፋብኝና እመለሳለሁ። ሳልነግርሽ ያቆየሁት ነገር ስላለ ነው። ዘመድ ከተሰበሰበ በኋላ አይነገርም፤ ለነፍስ አባቴ ብናገረውም ላንቺ እንደመናገር አይሆንልኝም። ስለዚህ ወረቀት አነሣሁ።

ጌጤ የለችም። በርራ ሄዳለች። ያስወጣኋት እኔ ነኝ።

የቤቱን ወሬ ላስቀድም ብዬ ነበር፣ እጄ እምቢ አለኝ። ይኸው ልንገርሽ። ቡሬዋ ላም ወልዳለች፤ ጥጃዋ ሴት ናት፣ ግንባሯ ላይ ነጭ አላት። በጓሮ በኩል ያለው ግድግዳ ክረምቱን አልቻለም፣ እንደገና መረግሁት። የስፌት መኪናው ጠፍር ሁለት ጊዜ ተበጥሷል። መንገዱ ላይ መኪና በዝቷል፤ ከባሕር ዳር የሚመጣውም ከደብረ ታቦር የሚወርደውም እኛው ደጅ ነው የሚቆመው። ይኸው ነው። ሌላው ሁሉ የጌጤ ነገር ነው።

ስትመጣ ትዝ ይልሻል? ያ የጭነት መኪና ሹፌር፣ በመስከረም ወባ ይዞት አጥራችን ሥር ሲንቀጠቀጥ ያገኘሽው፣ መደብ ላይ አስተኝተሽ አጥሚት እያጠጣሽ ዘጠኝ ቀን አስታመምሽው። እኔ ደስ አላለኝም ነበር። የማናውቀው ሰው ነው፣ ቢሞት ማን ይጠየቃል እያልሁ አጉረመረምሁ። አንቺ አጥሚቱን ማማሰልሽን ቀጠልሽ። በዓመቱ ከጅማ ሲመለስ ያችን አረንጓዴ ፍጥረት በቅርጫት ይዞልሽ መጣ። እኔ የምትበላ ወፍ መስላኝ ቢላ ላመጣ ተነሥቼ ነበር። አንቺ ሳቅሽብኝ፣ ጌጤ አልሻት፣ እኔም ከቀርከሃና ከሽቦ ቤት ሠራሁላት። ብዙም ሳትቆይ፣ ሰው ደጅ ላይ ጉሮሮውን ሲጠርግ «ማነው? ግባ» ማለት ጀመረች፤ ያውም በአንቺው ድምፅ። እኛ ገበያ ውለን ስንመለስ ስንቱ ሰው ባዶ ቤት ገብቶ፣ መደብ ላይ ተቀምጦ ሲጠብቀን አገኘነው።

ልጅ አልሰጠንም። እኔ የስፌት መኪናው ላይ አጎንብሼ ስውል የምታወሪው ከእሷ ጋር ነበር።

ሳልሽ ሲበረታ፣ ከጎንደር ያመጣነው መድኃኒት አላሽልሽ ሲል፣ ወንዛዬ ፍል ውኃ ወሰድሁሽ። ጌጤ ካልሄደች አልሄድም አልሽ። አንቺ በበቅሎ፣ እሷ በእኔ ትከሻ። ለመታጠብ የመጣው ሕመምተኛ ሁሉ ሕመሙን ትቶ እሷን ያይ ነበር። አንዲት ሴትዮ «ይቺስ ምን ይዟት ነው የመጣች?» ብላ ብትጠይቅሽ፣ «ወሬ» አልሻት። ያን ቀን የሳቅሽውን ሳቅ ከዚያ ወዲህ አልሰማሁትም። ሳልሽን የተማረችው እዚያው ይመስለኛል።

አንቺን ከቀበርን በሳምንቱ ጨርቅ እየቆረጥሁ ሳለ ከጓዳ ሳልሽ ተሰማኝ። ያው ራሱ፤ ሁለት አጫጭር፣ ከዚያ አንድ ረጅም፣ ከዚያ ትንፋሽ ለመሳብ የምትቆሚያት። መቀሱን ጥዬ ሮጥሁ። ጋኑ ዘንድ ደርሼ፣ ውኃ በጣሳ ቀድቼ፣ ይዤልሽ ልገባ ስል ነው ያወቅሁት። ጣሳውን እንደያዝሁ ቆምሁ። ጌጤ አንገቷን አዘንብላ አየችኝ።

ከዚያ በኋላ በቀን ስንት ጊዜ እንደሆነ አልነግርሽም። ገና ጎህ ሲቀድ ትጀምራለች። ደንበኛ ሱሪ እየለካሁለት ሳለ ትስላለች፣ ሰውየው ወደ ጓዳው ያያል፣ እኔ የለካሁትን ደግሜ እለካለሁ። ስንዱዬ፣ ስትታመሚ አንድም ቀን ሳልሽ አልሰለቸኝም። አንቺ ከሄድሽ በኋላ ግን ሳልሽ ብቻውን ቤት ውስጥ ሲዞር አልቻልሁም።

እናትሽ እንደ እኔ አልነበሩም። እማሆይ ዐይናቸው ከደከመ ወዲህ ቀኑን ሙሉ ከጌጤ አጠገብ ነበር የሚቀመጡት። ምግብ ሲቀርብላቸው እጃቸውን አጣምረው ይጠብቃሉ። ጌጤ አንቺ ትይው እንደነበረው «እምዬ፣ ብይ እንጂ» ስትል፣ «እሺ የኔ ልጅ» ብለው ይጎርሳሉ። ይህን በየቀኑ አያለሁ። አላየሁም ነበር ብዬ ላመልጥሽ አልችልም፤ እያየሁ ነው ያደረግሁት።

ሰኔ መግቢያ ላይ የወባ ሰዎች መድኃኒት ሊረጩ ወረታ ገቡ። ዕቃው ሁሉ ከቤት ይውጣ ተባለ። እናትሽን ከአጥሩ ሥር በርጩማ ላይ አስቀመጥኋቸው፤ ጌጤን ከነቤቷ ግራዋው ላይ ሰቀልኋት። ጎረቤታችን ወይዘሮ ማዘንጊያ ሣጥን በማውጣት ታግዘኝ ነበር። በዚህ መሐል ጌጤ ሳለች። ማዘንጊያ ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛ ወደ ቤቷ ሄደች። እኔ ብቻዬን ቀረሁ፤ እናትሽ ጀርባቸውን ሰጥተውኝ ተቀምጠዋል። እጄ ሄደ። ሽቦውን ጠምዝዤ ፈታሁና በሯን ከፈትሁ። ቶሎ አልወጣችም፤ ደፉ ላይ ቆማ አየችኝ። ቀስ ብዬ ሂጂ አልኋት። ሄደች።

አልዋሽሽም፣ ለትንሽ ጊዜ ቀለለኝ። ቅለቱ ግን እስከ ራት እንኳ አልቆየም። ራት ሲቀርብ እናትሽ እጃቸውን አጣምረው ጠበቁ።

በግርግሩ በሯ ሳይጠብቅ ቀርቶ አመለጠች አልኋቸው። እንዲያ ነው? አሉ፤ ሌላ አልጠየቁም። ሁለቴ ጎርሰው ገበታውን ወደ እኔ ገፉት። በማግስቱም እንዲሁ። ከዚያ ወዲያ ከእኔ ጋር ሲነጋገሩ አነጋገራቸው የእንግዳ ሆነ። ውኃ ስሰጣቸው፣ ጋቢ ሳለብሳቸው፣ አስቸገርሁህ ይሉኝ ጀመር። እኔ የወፏ ሐዘን ነው ብዬ ተረጎምሁት። እሷን ካመጣሁላቸው ሁሉም እንደነበረ የሚሆን መሰለኝ።

ከዚያ በኋላ እግሬ አልተቀመጠም። መጀመሪያ ወረታን አዳረስሁ። ከገበያው ጀርባ ያለውን ሾላ፣ የመኪና ማቆሚያውን ባሕር ዛፍ፣ የሰውን ጓሮ ሁሉ፤ ባዶ ቤቷን አንጠልጥዬ፣ አንገቴን ወደ ላይ አቅንቼ። ሰው በመጀመሪያ አዘነልኝ፣ ቀጥሎ ሳቀብኝ፣ በመጨረሻ መንገድ ሲያየኝ ዝም ማለት ጀመረ። ስመለስ ለመስፋት እቀመጣለሁ፤ የአንዱን ሱሪ ሁለት እግር አንድ ላይ ሰፋሁት። ፈትቼው እንደገና ሰፋሁ፤ ደግሜ እዚያው። ቅጠል በተንኮሻኮሸ ቁጥር እነሣለሁ።

ወሬው የመጣው በገበያ ቀን ነው። ከቁሐር ሚካኤል ሽንብራ ይዞ የመጣ ገበሬ ሱሪ እየለካሁለት ሳለ፣ ቤተ ክርስቲያናቸው ዛፍ ላይ የምትስል ሴት አለች ተብሎ አገሩ መታወኩን አጫወተኝ። ወገቡን ለክቼ እግሩን ሳልለካ ተነሣሁ።

ሜዳውን ታውቂዋለሽ። ሐምሌ ሲገባ የርብ ወንዝ ከአፉ ወጥቶ ይተኛበታል፣ ማሳና መንገድ አይለይም። የጌጤን ቤት አናቴ ላይ ተሸክሜ፣ ውኃው እስከ ጉልበቴ እየደረሰ ሄድሁ። የቁሐር ቄሰ ገበዝ አባ ተገኘ የሚባሉ ቀጭን ሽማግሌ ናቸው፤ ነገሩን ሳልጨርስላቸው ገባቸው። ኪዳን አድርሰው ሲወጡ ከዋንዛው በኩል የሴት ሳል ሰምተው፣ የታመመች ሴት ተጠግታ ያደረች መስሏቸው፣ ልጄ ብርድ ነው፣ ግቢና ጸበል ጠጪ ብለው ጠሯት። እሷም «ማነው? ግባ» አለቻቸው።

«ዕድሜዬን ሙሉ በዚህ ደጅ ሰው ሳስገባ ኖሬ፣ እኔ ግባ የተባልሁት ያን ቀን ነው» ብለው ሳቁ። ወዲያው ሳቃቸውን ቆርጠው የማን ድምፅ እንደሆነ ጠየቁኝ። የባለቤቴ አልኋቸው። ነፍስሽን ይማር አሉ፣ ስምሽንም ጠየቁኝ።

ያን ጊዜ አየኋት። ዋንዛው ጫፍ ላይ፣ ከፍሬው መሐል፣ ከቅጠሉ የማትለይ። ጠራኋት፤ ወደ እኔ አየች፣ ፍሬዋን መብላቷን ቀጠለች።

ያን ሐምሌ ስንት ጊዜ እንደተመላለስሁ አላውቅም። ማለዳ እወጣለሁ፣ ሲመሽ ጭቃ ለብሼ እገባለሁ። ኑግ በተንኩላት፣ ሱፍ፣ የምትወደውን በርበሬ ከነፍሬው። ቤቷን ዝቅተኛው ቅርንጫፍ ላይ አንጠልጥዬ ከሥሩ ተቀምጬ ዋልሁ። አንድ ቀን ድምፄን አቅጥኜ አንቺን መስዬ ልጠራት ሞከርሁ፤ አባ ተገኘ ፊታቸውን አዙረው ወደ ቤተ ልሔሙ ሄዱልኝ። ማታ ቤት ስገባ እናትሽ መደብ ላይ ተቀምጠው አገኛለሁ። አየኋት፣ ነገ ትወርዳለች እላቸዋለሁ። እንኳን በደህና ገባህ ይሉኛል። ከዚህ ሌላ የምንነጋገረው የለም። ቀን ማን ከጎናቸው እንደሚቀመጥ፣ ምን እንደሚያስቡ አልጠየቅሁም። የምጠይቅበት ጊዜ አልነበረኝም፤ ወፏን እፈልግ ነበር።

ሐምሌ ሊያልቅ ሲል አንድ ቀን ጠዋት ዝናቡ አባርቶ ፀሐይ ወጣ። ጌጤ ወረደች። ከቅርንጫፍ ቅርንጫፍ፣ ቀስ እያለች፣ ቤቷ ጣራ ላይ ቆመች። ከዚያ ወደ ደፉ ዝቅ አለችና በርበሬውን አሸተተች። እኔ ከሥሩ ትንፋሼን ይዤ ተቀምጫለሁ። በሩን የምስብበት ገመድ እጄ ላይ ነው።

የወይዘሮ ማዘንጊያ ባል፣ አቶ ካሴ፣ ውኃውን እያንቦጫረቀ የደረሰው ያን ጊዜ ነው። ከሩቅ እጁን ሲያወዛውዝ አየሁት። ዝም በል አልሁት በእጄ። እሱ ግን ቀርቦ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነገረኝ። እማሆይ ማለዳ ቁልፉን ለማዘንጊያ ሰጥተው፣ ጥቅላቸውን ይዘው ወጥተዋል። ወዴት ሲባሉ ወደ አገሬ ብለዋል። ወደ ሐሙሲት በሚሄድ መኪና ሰው ደግፎ አሳፍሯቸዋል።

ጌጤ አንድ እግሯን ከደፉ ውስጥ አስገብታለች። ትንሽ ብቆይ ገመዱን እስባለሁ፣ በሩ ይዘጋል። ስንዱዬ፣ ያችን ትንሽ ቆይታ ብዙ ቀን አስቤባታለሁ። ያን ጊዜ ግን ማሰቢያም አላገኘሁ፣ ተነሥቼ ቆሜ ነበር። እሷ ደንግጣ ወደ ዋንዛው ጫፍ ወጣች፣ እኔ ገመዱን ጥዬ ወደ ወረታ ሮጥሁ።

ቤት ስገባ መደቡ ተጠርጓል፣ ጋቢው ታጥፏል። ከሣጥኑ ሥር ያስቀመጡት መገነዣ የለም፤ እኔው በእጄ የዘመዘምሁላቸው ነጭ አቡጀዲ። ሰው መገነዣውን ይዞ ከወጣ ሊመለስ አይደለም። መንገድ ላይ ቆሜ የመጀመሪያውን የጭነት መኪና አስቆምሁ፤ ከከረጢቱ ላይ ተቀምጬ ሐሙሲት እስክደርስ ያን መንገድ እንደዚያ ረጅም ሆኖ አይቼው አላውቅም። በየመንገዱ ዳር የተቀመጠች አሮጊት ሁሉ እሳቸውን መሰለችኝ።

አንድ ሱቅ ጣራ ሥር አገኘኋቸው። ዝናብ መቷቸዋል፣ ጥቅላቸውን ጭናቸው ላይ ይዘዋል። ከዚያ ወዲያ መኪና የለም፤ የወንድማቸው ልጅ ያለበትን መንደር የሚያውቅ፣ በእግር የሚያደርሳቸው ሰው ይጠብቁ ነበር። ያን የወንድማቸውን ልጅ ካዩት ስንት ዘመን እንደሆነው አንቺ ታውቂያለሽ። አጠገባቸው ተቀመጥሁ። በእርምጃዬ ዐወቁኝ።

«አገኘሃት?» አሉኝ።

«አላገኘኋትም» አልሁ። ከዚያ ነገሩን መቋጠር አቃተኝና ከአፌ ወጣ። «እማሆይ፣ አላመለጠችም። በሩን የከፈትሁት እኔ ነኝ።»

«አውቃለሁ። ዐይኔ ነው እንጂ የደከመ ጆሮዬ ደህና ነው። ሽቦው ሲፈታ ሰምቻለሁ፤ ሂጂ ስትላትም ሰምቻለሁ።»

ታዲያ ያን ሁሉ ቀን ስባዝን ለምን ዝም አሉ አልኋቸው። ጥቅሉን ትንሽ ሲያስተካክሉት ቆዩ።

«ልጄ፣ ያችን ወፍ ቤትህ ያመጣቻት ስንዱ ናት። እኔንም ያመጣችኝ ስንዱ ናት። ለእሷ በሩን ስትከፍትላት፣ ለእኔም ሳትናገር የከፈትህልኝ መሰለኝ። አፍ አውጥተህ ሂጂ ሳትለኝ ልሂድልህ ብዬ ነው። አንድ ጉርሻ እንኳ ላቅልልህ ብዬ ነው።»

ስንዱዬ፣ እኔ ያን ሁሉ ቀን ምግብ የተዉት ለወፏ ነው ብዬ ነበር። እሳቸው ግን ቤቴ ውስጥ ተቀምጠው፣ ተራቸውን ይጠብቁ ነበር። እኔ ደግሞ ማለዳ ወጥቼ ማታ እየገባሁ፣ ፊት ነስቻቸው፣ ጥርጣሬያቸውን በየቀኑ አረጋገጥሁላቸው። አንቺ እናቴን አደራ ሳትይኝ ነው የሄድሽው። አደራ ማለት የማያስፈልግ ሰው መስዬሽ እንደነበር ያን ጊዜ ገባኝ፤ ከአደራም በላይ ከበደኝ።

ጥቅሉን ከጭናቸው ላይ አንሥቼ ትከሻዬ ላይ አደረግሁት። አልሰጥም ብለው አንዴ ሳቡት፣ ከዚያ ለቀቁት። ነገ ሚስት ታገባለህ፣ የሌላ ሴት እናት ትመጣለች፣ ያን ጊዜ ሁለታችንም እንቸገራለን አሉኝ። አላገባም ብዬ አልማልሁላቸውም፤ ላንቺም አልምልልሽም፣ ነገን አላውቀውም። የማውቀውን ብቻ ነገርኋቸው። «የምትመጣዋ እርስዎን እቤት አግኝታ ነው የምትገባው። እርስዎ የሌሉበት ቤት የለኝም።»

እጃቸውን ዘረጉልኝ። ደግፌ አስነሣኋቸው። ውሻ እንኳ የማይበላውን የሱቁን ደረቅ ዳቦ ገዝቼ ሰጠኋቸው፤ መኪና ስንጠብቅ ቆመው ጨረሱት።

አሁን እዚሁ ናቸው። ይህን ስጽፍ ደጅ ላይ ለዝክርሽ የመጣውን ስንዴ በዳሰሳ እየለቀሙ፣ ከማዘንጊያ ጋር ይጨቃጨቃሉ። መገነዣው ተመልሶ ሣጥን ሥር ገብቷል።

ጌጤን አልመለስኋትም። ቤቷን አባ ተገኘ ዋንዛው ላይ በሯን ከፍተው ተዉልኝ፤ ፍልሰታ ጾም እስኪገባ እየመጣች ኑግ ትበላ ነበር አሉ። መስቀል ሲቃረብ እንደ እሷ አረንጓዴ ከሆኑ ወፎች ጋር ወደ ጉማራ ወንዝ በኩል ስትበር አንድ ገበሬ አይቷታል። ከዚያ ወዲያ ያያት የለም። አሁንም ዛፍ ሥር ሳልፍ አንገቴ ይቃናል። ደህና ትሁን አትሁን ሳላውቅ መቅረቴ ሲያንገበግበኝ ይኖራል፤ አንቺ የወደድሻትን ፍጥረት ለጭልፊትና ለዝናብ ሰጥቻታለሁና ይቅር በይኝ።

አንድ ሌላ ነገር ልንገርሽና ላብቃ። ከሐሙሲት ከተመለስን በኋላ እናትሽ ስለ አንቺ ማውራት ጀመሩ። እኔ ስሰፋ እሳቸው ይነግሩኛል። እስከ አራት ዓመትሽ አንዲት ቃል ሳይወጣሽ ኖረሽ፣ ዲዳ ናት ተብሎ ተለቅሶልሽ፣ አንድ ቀን ድንገት አባትሽን ጫማህን አውልቀህ ግባ ብለሽ እንደተቆጣሽው ነገሩኝ። ጉማራ ሲሞላ በላም ጅራት ተንጠልጥለሽ መሻገርሽን፣ ከማዶ ሆነሽ ወንድሞችሽን ፈሪዎች እያልሽ መሳደብሽን ነገሩኝ። ይህን ሁሉ አንድም ቀን አልነገርሽኝም ነበር። እኔ የማውቅሽ ሙሽራ ሆነሽ በበቅሎ ከመጣሽ ወዲህ ነው፤ በሽታው ሲመጣ ደግሞ የቀረውን ሁሉ ሸፍኖብኝ ኖሯል። ከዚያ በፊት የነበረችው ስንዱ ሁሉ እሳቸው ዘንድ ናት። እሷን ነበር በጥቅል ይዘውብኝ ሊሄዱ የነበሩት።

እየጠየቅኋቸው ነው። ሲደክማቸው እተዋለሁ፣ በማግስቱ ከተውንበት እቀጥላለሁ። ቅዳሜ ካህናቱ ስምሽን ሲጠሩ ከጎናቸው እቆማለሁ። እሳቸው ሲያልፉ የነገሩኝ እኔ ዘንድ ይቀራል፤ አንዱንም አልጥልም። ከእንግዲህ ሰው ስንዱ ማን ነበረች ብሎ ቢጠይቀኝ፣ ከሕመምሽ አልጀምርም። ከጉማራ ማዶ እጀምርለታለሁ፣ ልብስሽ ከረጠበበት፣ ከምትሳደቢበት።

ባልሽ፣ ደሴ
ወረታ